የእግር ጣት ይሉኝታ የለውም

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ብርሃን ቤት እንደርሳለን። አሥራ አንድ ነን። ከበሩ እንደገባን አረንጓዴ መነጽር ይታደለናል፤ ጎንና ጎኑ የተደፈነ፣ ጆሮ ሥር የሚያሳክክ ነገር ነው። እሱን አጥልቀን አግዳሚው ላይ በተራ እንቀመጥና የተጎዳ አካላችንን እንገልጣለን፤ አንዱ ክንዱን፣ አንዷ እግሯን፣ ከሰኞ ገበያ ሰፈር የሚመጣው ደግሞ ጉንጩን። ከዚያ ሰላምታ ነው። “እንዴት አደራችሁ? ቤት ሰላም ነው? ነርቩስ እንዴት አደረ?” እንባባላለን። ድንገት ከውጭ የገባ ሰው አሥራ አንድ አንበጣ ተሰብስቦ ሰርግ የሚመካከር ይመስለዋል።

ይህን የምናገረው ስለ ደሴ ነው፣ ስለ ሁለት ሺህ ሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት። በዚያ ዘመን ብርሃን ቤት የሌለው ቀበሌ አልነበረም። እንደ ድሮው ወፍጮ ቤት በሉት፤ ሰው ጠዋት ይሄዳል፣ ተራ ይይዛል፣ ወሬውን ያወራል፣ ጉዳዩን ፈጽሞ ይመለሳል። ነርቩ የተቆረጠ ሁሉ በቀን ግማሽ ሰዓት ቀይ ብርሃን ይበራለታል። ሌዘር ነው። ሌዘር ሲባል ብረት የሚቆርጠው እንዳይመስላችሁ፤ ይሄኛው አያቃጥልም፣ አያሞቅም፣ አያሳክክም። ክንድህ ላይ አርፎ ሃያ ደቂቃ ሲቆይ ምንም አትሰማም። እኔን መጀመሪያ ያስፈራኝ እሱ ነው። እኔ የማውቀው መድኃኒት ሁሉ ወይ ይመራል ወይ ያማል።

ስሜ ይመር እንድሪስ ነው። ወጌሻ ነኝ። አባቴም ወጌሻ ነበር። አርባ አንድ ዓመት የደሴን ሰው ውልቃትና ወለምታ በእነዚህ ጣቶች ስመልስ ኖሬያለሁ። ሐኪም ቤት አጥንት የሚያሳይ መሣሪያ ሞልቷል፤ አልጠላውም። እኔ ግን ዐይኔን ጨፍኜ ቁርጭምጭሚት ብዳስስ የቱ ጋ እንደተሰበረ፣ በስንት ዓመቱ እንደተሰበረና ማን እንዳበላሸው እነግርሃለሁ። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራ አለበት።

እጄን የቆረጠኝ የራሴ ጣሪያ ነው። ነሐሴ ላይ በረዶ ጥሎ ጣሪያ ላይ ያለውን፣ ከፀሐይ መብራት የሚያመነጨውን ቆርቆሮ ሰነጠቀው። ልጆቼ “ሰው እንጥራ” አሉ። እኔ “ምን ሰው ያስፈልጋል፣ እኔ ምን ልሆን ነው?” ብዬ በስልሳ ሦስት ዓመቴ መሰላል ወጣሁ። ቆርቆሮው ተንሸራቶ ቀኝ ክንዴን ከአንጓው አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ገዘገዘው። ሐኪሞቹ በዚያው ቀን ሰፉኝ። ሥጋው ገጠመ፣ ቁስሉ ዳነ። አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴና የመሃል ጣቴ ግን በድን ሆኑ። ሌባ ጣቴን በጥርሴ ነክሼ ሞክሬዋለሁ። የሰው ጣት የነከስኩ ነው የመሰለኝ።

ነርቭ ሽቦ ይመስለኝ ነበር፤ ጫፍና ጫፉን ስታገናኘው መብራት የሚሰጥ። አይደለም። ከተሰፋበት ጀምሮ እንደ ሐረግ እንደገና ማደግ አለበት። በቀን አንድ ሚሊሜትር። ብርሃኑ የሚበራለት መንገድ እንዳይስት፣ ደክሞትም እንዳይቀር ነው። ከቁስሉ እስከ ሌባ ጣቴ ጫፍ ለኩና ሁለት መቶ አርባ ሚሊሜትር አሉኝ። ሁለት መቶ አርባ ቀን ተፈቀደልኝ። በሁለት መቶ አርባኛው ቀን ካልደረሰ ተራው ለሌላ ሰው ይሰጥና ለእኔ ጓንት ይታደለኛል።

ጓንቱ ገና ከመጀመሪያው ቀን ስሜ ተጽፎበት በካርቶን ታሽጎ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ኮምቦልቻ ያለው የሙያ ጓደኛዬ ያጠልቀዋል። አጥንት ሲነካ ጓንቱ በጆሮው “አራት ሚሊሜትር ወደ ግራ” ይለዋል። ትክክልም ነው፣ አይሳሳትም። ግን የሰው አካል ስትዳስስ መጀመሪያ የምታገኘው አጥንት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ሥጋው ይደነግጣል፣ ያፍራል፣ ከእጅህ ይሸሻል። ያንን አባብለህ ነው አጥንቱ ጋ የምትደርሰው። ጓንቱ ስለዚያ ምንም አይልም። ያለ ጣቶቼ እኔ ደጅ ላይ ተቀምጦ መንገደኛ የሚቆጥር ሽማግሌ ነኝ፤ በየማታው የምፈራው ይኸንን ነበር።

ብርሃኑን የምትይዝልን ሲስተር ጦይባ ናት። የተሁለደሬ ልጅ ናት፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ይህ የመጀመሪያ ምድቧ ነው። አዲስ አበባ መብራቱን የሚይዝ የማሽን ክንድ አለ ይባላል። እኛ ጋ በእጅ ነው። መብራቱ እንደ እስክሪብቶ ነው፤ እሷ ክንዴ ላይ ደግና ሃያ ደቂቃ ትይዘዋለች፣ ከዚያ ማጅራቴ ላይ አሥር ደቂቃ። ሳስነጥስ እጇ አብሮኝ ይሄዳል። ሳወራ ትታገሠኛለች፤ ይህ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ሳምንት አይቼባታለሁ፤ ሃያው ደቂቃ ሊያልቅ ሲል መብራቱን ከቀኝ እጇ ወደ ግራዋ ታዞረዋለች።

“አንቺ ልጅ፣ እጅሽን ምን ሆነሻል?” አልኳት።

“ምንም አልሆንኩም አባባ ይመር።”

ድሮ ቢሆን አንዴ ጨብጬ ልኩን እነግራት ነበር። አሁን በምን ጣቴ?

ሥራዋ እንዲህ ነው። መብራቱን ከማብራቷ በፊት ክንዴን በጣቷ ጫፍ ከታች ወደ ላይ መታ መታ ታደርገዋለች። ነርቩ የደረሰበት ቦታ ሲመታ የሞተው ጣት ውስጥ ጉንዳን ውር ይላል። እዚያ ላይ በሰማያዊ ቀለም ነጥብ ታደርጋለች፤ ብርሃኑም የሚያርፈው ነጥቡ ላይ ነው። ነጥቡን ስታደርግ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላት፤ “ተሰማዎት አይደል አባባ?”

እስከ አሥራ ስምንተኛው ቀን ተሰምቶኛል። ሐቁን ነው የምናገረው። ጉንዳኗ ስትመጣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! በአሥራ ዘጠነኛው ቀን መታ መታ አደረገች፤ ምንም። ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ፤ ምንም። ቀና ብላ አየችኝ። በዚያ በሚያስቀው መነጽር ውስጥ ዐይኖቿ በተስፋ ፈጠዋል። “ተሰማዎት አይደል?”

“አዎ፣ ተሰምቶኛል ልጄ” አልኩ።

ሌላ ምን ልበላት? ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ በሁለት ሚኒባስ የምትመጣ ልጅ። “አይ” ብላት ፊቷ ሊጠቁር ነው። ደግሞም ነገ ይሰማኝ ይሆናል፣ ምን ችግር አለው? በማግሥቱም “አዎ” አልኩ። በሦስተኛው ቀን መመለሻ አልነበረም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ እኔ ደግሞ ቅቤውን ይዤ አርባ አንድ ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ።

አንዳንዱ “መብራቱ የተገጠመበት ማሽን ለምን አልደረሰበትም?” ይላል። ማሽኑማ የሰውን ቃል ያምናል። የተሠራው ሰው ሲጠየቅ “አይ፣ አልተሰማኝም” ብሎ ሻዩን በሚጠጣበት አገር ነው። የሠሩት ሰዎች ብዙ ነገር አስበዋል፤ ይሉኝታን አላሰቡም።

አግዳሚው ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። የአንድ ሰው ነጥብ መገጣጠሚያ ሲሻገር ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ እኛም “እንኳን አሻገረህ” ብለን እንመርቀዋለን። አጠገቤ የምትቀመጠው ጎረቤቴ ማንአህሎሽ ናት፣ ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ አስተማሪ፤ ከጉልበቷ በታች ነርቧ ተቆርጦ እግሯን ትጎትታለች። ከወጣትነታችን ጀምሮ ስንበሻሸቅ ነው የኖርነው። በሰባ አንደኛው ቀን የእኔ ነጥብ አንጓዬን ተሻገረ። ባለቤቴ ድፎ ዳቦ ደፋች። እኔም ተሸክሜው ሄድኩ።

“እንኳን አሻገረህ!” አለች ማንአህሎሽ። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? የአንተ ደግሞ ይሮጣል።”

“ወጌሻ ነኝ እኮ” አልኳት።

ለውሸት ዳቦ ቆርሼ፣ ለውሸት ተመርቄ! ጦይባ ግን ድርሻዋን በናፕኪን ጠቅልላ “ለእናቴ ነው” ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ነጥቡ በየቀኑ ይሄዳል። ጣቴ ግን በድን እንደሆነ ነው። መዳፌ መሃል ደረሰ። በመቶ ሃያ ሰባተኛው ቀን፣ ጥር ላይ፣ ሰፈር ለቅሶ ነበርና ከሰዓት ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ገና ከመቀመጤ የፈላ ሻይ በብርጭቆ ሰጡኝ። በቀኝ እጄ ተቀብዬ፣ በመዳፌ አቅፌ፣ ከሟች ወንድም ጋር ስለ ቀብሩ ማውራት ጀመርኩ። አጠገቤ ያለው ሰው ነው ያየኝ፤ “ኧረ ጋሽ ይመር፣ እጅህ! እጅህን!” ብሎ ብርጭቆውን ነጠቀኝ። የመዳፌ ቆዳ ቀልቶ ወዲያው ውኃ ቋጠረ። እኔ ሙቀቱን እንኳ አላወቅሁም። “ምንም አይደል፣ ምንም አይደል” ብዬ እጄን ጋቢዬ ውስጥ ደበቅሁት።

በማግሥቱ ጦይባ እጄን ገለጠችው። ያበጠው ቆዳ ያረፈው ከአሥር ቀን በፊት “ተሰምቶኛል” ያልኩበት ላይ ነው።

“አባባ፣ ይሄ ምንድነው?”

“ሻይ ነው።”

“ሲያቃጥልዎት አልጣሉትም?”

መነጽሯን አወለቀች። መብራት ባለበት መነጽር ማውለቅ ክልክል ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ መብራቱን አጠፋች። “ከስንት ቀን ጀምሮ ነው?” አለችኝ፣ በቀስታ።

“ከአሥራ ዘጠነኛው።”

እንዲህ ያለ እፍረት በሕይወቴ አላውቅም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። በጣቶቿ ቆጠረች። መቶ ቀን ሙሉ ብርሃኑ ነርቭ በሌለበት ባዶ ሥጋ ላይ ሲያበራ ከርሟል። ነርቤ ወደ ኋላ በጨለማ ቀርቷል። መቶ ቀን ሙሉ በዚያ እጇ መብራት የያዘችው ለነጥብ ብቻ ነበር።

“በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ስንቱን ስገስጽ የኖርኩ ሰው ነኝ” አልኳት። “ውርደቱ የእኔ ነው ልጄ። ጓንቱን ስጪኝና ልሂድ።”

“የትም አይሄዱም።” ዐይኗ እንባ አቅርሯል፣ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም። “ጥፋቱ የእኔም ነው። ‘ተሰማዎት አይደል’ እያልኩ ነው የጠየቅሁዎት። መልሱን ከጥያቄው ጋር አቀብዬዎት ምን ሊሉኝ ኖሯል? ግን አሁን እንዴት ነው የማምንዎት? ‘አዎ’ም ቢሉኝ አላምንም፣ ‘አይ’ም ቢሉኝ አላምንም።”

ያን ጊዜ ነው ሙያዬ ትዝ ያለኝ። እኔ መቼ ነው የበሽተኛ አፍ አምኜ የማውቀው? ስንት ጎረምሳ ትከሻው ወልቆ ሚስቱ ፊት “ኧረ ምንም አላመመኝም” ብሎኛል! አባቴ ያስተማረኝ የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነበር፤ እጅህ ትከሻው ላይ ይሁን፣ ዐይንህ እግሩ ላይ። አፍ ይኮራል፣ ፊት ያስመስላል። የእግር ጣት ግን የነኩትን ያህል ይኮማተራል። ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም።

“አትጠይቂኝ” አልኳት። “ዐይኔን ሸፍኚው። እኔ ጫማዬን ላውልቅ፤ አንቺ የእግሬን ጣት እዪ።”

ትከሻዬ ላይ ያለውን ፎጣ ወስዳ ዐይኔን አሰረችኝ። ባዶ እግሬን ሲሚንቶው ላይ ዘረጋሁ። ምንም ሳትናገር ክንዴን መታ መታ ማድረግ ጀመረች፤ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሳትነካኝ ትቆያለች። ከዚያ የማንአህሎሽን ድምፅ ሰማሁ፤ “እነሆ! ትልቁ ጣቱ!”

ሠላሳ አንድ ሚሊሜትር። ነርቤ በመቶ ሃያ ስምንት ቀን የሄደው ሠላሳ አንድ ነበር። ጦይባ ከዚያ በታች ያለውን ሰማያዊ ቀለም ሁሉ በአልኮል ጠርጋ አዲስ ነጥብ አደረገች። “አብሽሩ አባባ” አለችኝ። “አልሞተም። እየጠበቀን ነው።”

እኔ አልቅሻለሁ። ፎጣው ስለሸፈነኝ ማንም አላየም ብዬ ነበር፤ ለካ ሁሉም አይቷል።

ያን ዕለት ማንአህሎሽ ጉሮሮዋን ጠራረገች። “ሲስተር፣ እኔንም... ያን ጤነኛውን እግሬን ብታዪው” አለች። ባለ ጉንጩም ጫማውን መፍታት ጀመረ። በጉድ ላይ ጉድ! እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ተቆጥረን ከአሥራ አንዳችን ሰባታችን ዋሽተን ተገኘን። ማንአህሎሽ አርባ ቀን ዋሽታለች። “አንተ መቶ፣ እኔ አርባ” አለችኝ፤ “አሁንም እበልጥሃለሁ።”

ከዚያ በኋላ ብርሃን ቤታችንን ላየው ሰው ይበልጥ እንግዳ ነበር። በዚያ የጥር ብርድ ሰው ሁሉ ገና ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። ዐይኑን የታሰረ ይቀመጣል፣ ቀይ ብርሃን የያዘች ልጅ ታጎነብሳለች፣ አጠገቡ ያለው ሰው ደግሞ የጎረቤቱን እግር አፍጥጦ ያያል። ማንም “ተሰማህ?” ብሎ አይጠይቅም። ጦይባ ከቤቷ ምንጣፍ አምጥታ ከእግራችን ሥር ዘረጋች። ዳቦውም ቀጠለ፤ አሁን የሚመረቀው ጣት ነው።

የእኔ ሁለት መቶ አርባ ቀን ግን አይበቃም። ጦይባ ወደ ዞን ጽፋ ቀኑ ተራዘመልኝ፤ እስከ ሦስት መቶ ሠላሳ ሰባተኛው ቀን። እንዴት እንዳራዘሙላት የሰማሁት ከማንአህሎሽ ነው። ጦይባ በደብዳቤው ላይ “በሽተኛው ዋሸ” አላለችም። “የአጠያየቅ ስህተት የእኔ ነው” ብላ ጽፋለች። እንዲህ ብሎ የጻፈ ባለሙያ የሙያ ማረጋገጫው በአንድ ዓመት ይዘገያል። እሷ ታውቅ ነበር።

“ለምንድነው እንዲህ ያደረግሽው?” ብዬ ተቆጣኋት። “በእኔ ውሸት አንቺ ትቀጪ?”

“እርስዎ ያበላሹት አጥንት ኖሮ ያውቃል አባባ?”

“አንድ ሁለቴ።”

“ታዲያ ‘ሰውየው ተንቀሳቅሶብኝ ነው’ ብለዋል?”

እንዲህ ያለች ልጅ የወለደች እናት ያን የውሸት ዳቦ መብላቷ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ብርሃኑ በየጠዋቱ መጣ። የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ። ነርቤ በቀን አንድ ሚሊሜትር ይሄዳል። ሰው ከጦሳ ተራራ በገመድ መኪና በአራት ደቂቃ ፒያሳ በሚወርድበት ዘመን እኔ ውስጥ አንድ ነገር ከጥፍር ባነሰ እርምጃ ይጓዛል፤ ማንም ሊያስቸኩለው አይችልም። ያንን ሳስብ የፈጣሪም የሰውም ሥራ ይገርመኛል። ያልሞቀኝ ብርሃን፣ ያልነካኝ ብርሃን፣ ቆዳዬን አልፎ ገብቶ የጠፋውን መንገድ ይመራል። የካቲት መጨረሻ ላይ አንጓዬን ተሻገርኩ፣ በእውነት። ሰኔ ላይ አውራ ጣቴ ትንሽ ተነቃነቀ። የሻይ ብርጭቆ ነክቼ “ትኩስ ነው” ያልኩ ቀን ባለቤቴ እልል አለች።

የሌባ ጣቴ ጫፍ ግን ቀረ። ወጌሻ የሚሠራው በእሷ ነው።

ሦስት መቶ ሠላሳ ሰባተኛው ቀን ነሐሴ አሥራ ስድስት ዋለ። ከዞን አቶ ልዑልሰገድ የሚባሉ ሰው መጡ፤ ትሑት፣ ለስላሳ ሰው። ደንቡ ነውና የመጨረሻውን ፈተና እሳቸው ይሰጣሉ። የእኔን ካርቶን ከመደርደሪያው አውርደው አጠገባቸው አስቀመጡ። ጦይባ ዐይኔን በፎጣዬ አሰረችና ምንጣፉ ላይ፣ እግሬ አጠገብ ተቀመጠች። አግዳሚው ሞልቷል። የዳኑት ሳይቀሩ መጥተዋል።

“የሌባ ጣትዎን ጫፍ በመርፌ እነካለሁ ጋሽ ይመር” አሉ አቶ ልዑልሰገድ። “ከተሰማዎት ይንገሩኝ፣ ካልተሰማዎትም ይንገሩኝ።”

ጠበቅሁ። “ተሰማኝ” ማለት እንዴት እንደናፈቀኝ! ምላሴ ላይ ነበረች። ግን ሰባት ወር ሙሉ የተማርኩት ነገር አለ።

“አይ” አልኩ።

ጥቂት ቆይተው “አሁንስ?” አሉ።

“አይ።”

“አሁን?”

አንድ ነገር ያለ መሰለኝ። መስሎኝ ነው፣ ምኞቴ ነው፣ ሁለተኛ አልዋሽም ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። “አይ” አልኩ። የካርቶኑ ማሸጊያ ሲላጥ ሰማሁ። በቃ ይመር፣ አልኩ በልቤ፤ እውነት ተናግረህ ተሸነፍክ፣ ይኸም አንድ ነገር ነው።

“ይቆዩ አቶ ልዑልሰገድ” አለች ጦይባ ከታች። ድምጿ ይስቃል ወይስ ያለቅሳል፣ አልለየሁትም። “አባባ ይመር፣ አሁንም ዋሹ!”

“ወላሂ አልዋሸሁም!”

“ትልቁ ጣትዎ ግን ‘አዎ’ ብሏል። በሦስተኛው ላይ። ደግመው ይሞክሩ ጌታዬ፣ ትንሽ ጠበቅ አድርገው።”

መርፌው መጣ። እኔ እንድሪስ የወለደኝ፣ መሰላል ላይ ቆሜ፣ ክንዴ ተገዝግዞ ‘ኡፍ’ ያላልኩ ሰው፣ መላው ሰፈር እስኪሰማ ጮህኩ።

“ኧረ አመመኝ! ኧረ እናንተ ሰዎች፣ አመመኝ!”

አግዳሚው በእልልታ ፈነዳ። ማንአህሎሽ “ደግመው ይውጉት፣ ይገባዋል!” ስትል ሰማኋት። አቶ ልዑልሰገድ ካርቶኑን መልሰው ሲዘጉ ሰማሁ። እኔ ደግሞ ፎጣው ሥር እንባዬ እየወረደ እጄን ወደ ታች ሰደድኩና የጦይባን እጅ ያዝኩ፣ ላመሰግናት ብዬ። ቀኝ እጇ ነበር።

ሌባ ጣቴ ገና ጨቅላ ናት፤ ከሩቅ ነው የምትሰማው። ግን ሰማች። ከአውራ ጣቷ ሥር፣ አንጓዋ ላይ፣ ቆዳዋ ይግላል። ከዚያ በታች አንዲት አጥንት ያለ ቦታዋ ገጥማለች፣ የቆየች፣ ማንም ያላቀናት። እጇ ወዲያው ደነገጠ፣ አፈረ፣ ከእጄ ሊሸሽ ሞከረ። በዚህ እጅ ነው ሦስት መቶ ሠላሳ ሰባት ቀን መብራት የያዘችልኝ።

“ይሄ መቼ ነው የተሰበረው?”

“ምኑ አባባ?”

“ይቺ አጥንት።”

“ኧረ ምንም የለም፣ ደህና ነኝ። አያመኝም።”

ፎጣውን ከዐይኔ አነሳሁና ወደ እግሯ አየሁ። ነጭ ጫማዋን እስከ ላይ ጥብቅ አድርጋ አስራለች።

“ጫማሽን አውልቂ” አልኳት።